ሳይቃጠል በቅጠል፤ በወለጋ ታዳጊ እንስሳትን በመኖ ስለ መጠበቅና መድኃኒትን ስለ መቆጠብ

የእርሻ ክንዱ በሬ ነው፤ በሬ ግን አስቀድሞ ጥጃ ነበረ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ገበሬ በረት ጥጃ ቢሞት ጉዳቱ በሙሉ የሚታወቀው ዛሬ አይደለም፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ጥማዱ ሲጎድልና የወተቱ ቅል ባዶ ሲሆን ነው። ይህንንም ጉዳት የወረዳ ሹም በመዝገቡ አያገኘውም፤ የጥጃ ሞት እንደ በሬ ሞት አይነገርምና፤ ባለቤቱም አዝኖ ዝም ይላል።

የወለጋ አገር፣ ከነቀምት ከተማ ጀምሮ በምሥራቅ እስከ ሲቡ ስሬና እስከ ባኮ ወሰን፣ በሰሜን እስከ ሻምቡ፣ በምዕራብም እስከ ጊምቢ፣ እስከ ነጆና እስከ ደምቢ ዶሎ ድረስ፣ ዝናም የማይነፍገው፣ ሣሩ የረዘመ፣ በቆሎውና ኑጉ የበዛ አገር ነው። የሆሮ ከብት የሚባለውም ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። ይህን በመሰለ አገር ጥጃ የሚሞተው መኖ ጠፍቶ ነው ለማለት አይቻልም፤ ይልቁንም ያለው መኖ በጊዜውና በሥርዓቱ ስለማይሰጥ፣ በረቱም ስለማይጠረግ ነው።

በብዙ ስፍራ የሚታየው ልማድ እንዲህ ነው። ጥጃው በተቅማጥ ሲያዝ ባለቤቱ ወደ ገበያ ወርዶ ጥቂት ዱቄት ወይም ክኒን ይገዛል። በሽታው ምን እንደ ሆነ የመረመረ፣ የጥጃውንም ክብደት የገመተ ሐኪም የለም። መድኃኒቱ አንድ ቀን ተሰጥቶ ጥጃው ቀና ካለ የቀረው ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል፤ ቀና ካላለም በማግሥቱ ሌላ ዓይነት ይሞከራል። አንዳንዱም ለሰው የታዘዘውን እንክብል ፈቶ በወተት ይበጠብጣል። ሰውየው ይህን የሚያደርገው ከብቱን ስለሚወድ ነው እንጂ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራው ለራሱም ለጎረቤቱም ለልጆቹም የሚተርፍ ጉዳት አለበት።

መድኃኒት ስለምን ይደክማል

ባክቴሪያ የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው። እነርሱን የሚገድለው ወይም እድገታቸውን የሚገታው መድኃኒት አንቲባዮቲክ ይባላል። ከነዚህም አንዱ የሆነውን ፔኒሲሊንን በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። ይኸው ሊቅ በ1945 የኖቤል ሽልማት በተቀበለበት ጊዜ በተናገረው ንግግር፣ ሰው መድኃኒቱን ከልኩ አሳንሶ ቢወስድ ረቂቆቹ ነፍሳት ሳይሞቱ መድኃኒቱን ይለምዱታል ብሎ አስቀድሞ አስጠነቀቀ።

ነገሩ ከአረም ጋር ይመሳሰላል። አራሚ ደካማውን አረም ነቅሎ ሥረ ጽኑውን ቢተወው፣ በሚመጣው ክረምት እርሻውን የሚሞላው የዚያ የጽኑው ዘር ነው። ባክቴሪያም እንዲሁ ነው፤ ያልጨረሱት መድኃኒት ደካሞቹን ገድሎ ብርቱዎቹን ያስቀራል፤ ብርቱዎቹም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተባዝተው ስፍራውን ይይዛሉ። ይህም ብቻ አይደለም፤ መድኃኒትን የመቋቋም ጠባይ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ዓይነት ባክቴሪያ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ በበረት የበረታው ነፍስ በፍግ፣ በውሃ፣ በወተትና በእጅ ወደ ቤት ይገባል። ለከብት የሚሰጠው ቴትራሳይክሊንና ፔኒሲሊን ለሰውም የሚሰጠው ነውና፣ በበረት የባከነው መድኃኒት ሕፃን ሳንባውን በታመመ ጊዜ ላይሠራ ይችላል።

መድኃኒት ሲደክም ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የገንዲ በሽታ በዴዴሳና በአንገር ሸለቆ ስንት ጥማድ እንደ ፈታ የወለጋ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ በሽታ ከባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም፤ ቆላው ዝንብ የሚያስተላልፈው ሌላ ረቂቅ ተውሳክ ነው። ሆኖም የመድኃኒቱ ታሪክ አንድ ነው። በጊቤ ሸለቆ ከ1986 ጀምሮ የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ሊቃውንት ከብቱን ሲመረምሩ፣ ተውሳኩ በገበያ ያሉትን የገንዲ መድኃኒቶች አንዱን ብቻ ሳይሆን ብዙውን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። መርፌው ተወጋ፤ ገንዘቡም ወጣ፤ ከብቱ ግን አልዳነም። በዚያ ስፍራ የተገኘው ዋናው መፍትሔ መርፌ መጨመር ሳይሆን፣ ዝንቡን በወጥመድና በከብቱ ገላ ላይ በሚፈስ መድኃኒት መቀነስ ነበር።

ከእሪያ ርቢ የተገኘ ትምህርት

እሪያ በአገራችን ጥቂት ነው፤ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውምና፣ ርቢው ይበልጡን በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ ባሉ ጥቂት ሰዎች እጅ ነው። ነገር ግን ታዳጊ እንስሳን ያለ ብዙ መድኃኒት ስለ ማሳደግ ዓለም የተማረው ይበልጡን ከእሪያ ግልገል ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ማወቅ ለጥጃና ለበግ ግልገል ጠባቂም ይጠቅማል።

የእሪያ ግልገል በተፈጥሮው ከእናቱ ጡት ቀስ እያለ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይለያል። በትልልቅ የርቢ ስፍራዎች ግን በሦስት ወይም በአራት ሳምንቱ በአንድ ቀን ይነጠላል። በዚያን ጊዜ ሆዱ ገና አልጠናም። ወተት ሲጠባ በሆዱ ያሉት ደግ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ እየለወጡ ክፉዎቹን ያርቁለት ነበር፤ ወተቱ ሲቀር ይህ ጥበቃ ይጎድላል፤ የራሱም የጨጓራ አሲድ ገና አልበቃም። በዚህ ላይ ፕሮቲን የበዛበት ደረቅ መኖ ሲሰጠው ያልተፈጨው ወደ አንጀት ወርዶ ይበሰብሳል፤ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያም በርትቶ ተቅማጥ ያመጣል።

በ1949 እና በ1950 አሜሪካ ውስጥ ያሉ ሊቃውንት አንቲባዮቲክ በጥቂቱ ከመኖ ጋር ቢደባለቅ ዶሮና እሪያ ቶሎ እንደሚያድግ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የታመመውም ጤነኛውም እንስሳ በየቀኑ መድኃኒት ይበላ ጀመር። ትርፉ ፈጥኖ ታየ፤ ጉዳቱ ግን ዘግይቶ መጣ። በ2015 የቻይና ሊቃውንት፣ ሌላ መድኃኒት ሲያቅት ለሰው የሚሰጠውን ኮሊስቲንን የመቋቋም ጠባይ በእሪያዎችም በበሽተኞችም ባክቴሪያ ላይ አገኙ፤ ጠባዩም ከአንዱ ነፍስ ወደ ሌላው በቀላሉ የሚሻገር ሆነ።

ከሁሉ አስቀድማ አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ እንዳይሰጥ በሕግ የከለከለችው በ1986 ስዊድን ናት፤ ይህንንም የጠየቁት ገበሬዎቿ ራሳቸው ነበሩ። በመጀመሪያ ጊዜ ግን ነገሩ ቀላል አልሆነም፤ ከጡት የተለዩ ግልገሎች ተቅማጥና ሞት ጨመረ፤ ለሕክምና የታዘዘውም መድኃኒት በዛ። ገበሬዎቹም ወደ ቀድሞው ልማድ አልተመለሱም፤ ግልገሉን ዘግይተው መለየት፣ በረቱን በየተራው ባዶ አድርጎ ማጠብ፣ የመኖውን ፕሮቲን መቀነስ ተማሩ። ዴንማርክም ከ1998 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ይህንኑ ተከተለች፤ በየኪሎው ሥጋ የሚወጣውም አንቲባዮቲክ በዓመታት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የኤውሮጳ ኅብረት ሁሉ ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ከለከለ፤ ቻይናም በ2020 ከለከለች።

በመድኃኒቱ ፈንታ በመኖ ላይ የሚጨመሩት ነገሮች ብዙ ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ ሎሚና እንደ ኮምጣጤ ያለ አሲድ ነው፤ ይህም ያልበቃውን የጨጓራ አሲድ ያግዛል። ሁለተኛው እርሾና በእርጎ ውስጥ የሚገኙትን የመሰሉ ደግ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሦስተኛው እንደ ጦስኝና እንደ ነጭ ሽንኩርት ያሉ መዓዛማ ተክሎች ዘይት ነው። አራተኛው መኖ እንዲፈጭ የሚረዳ ኢንዛይም ነው። ከነዚህ መካከል አሲድና የፕሮቲን መቀነስ ጥቅማቸው ይበልጥ የጸና ነው፤ የተክሎቹ ግን በአንዱ ስፍራ ሲሠራ በሌላው ስፍራ አልሠራም። ዚንክ ኦክሳይድ የሚባለውም ዱቄት በብዛት ሲሰጥ ተቅማጡን በእርግጥ ይከለክል ነበር፤ ነገር ግን በፍግ ወደ መሬት ገብቶ ስለሚከማችና ባክቴሪያው መድኃኒትን እንዲቋቋም ስለሚረዳ፣ ለሕክምና በሚሰጥበት መጠን መጠቀሙ በ2022 በኤውሮጳ ኅብረት ተከለከለ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ መድኃኒትን ብቻውን የሚተካ አንድ ዱቄት የለም። መድኃኒትን የሚተካው ሥርዓት ነው፤ ይኸውም የእናት ወተት፣ ንጹሕ ስፍራ፣ ቀስ ብሎ መለየትና ለሆድ የሚስማማ መኖ ነው። የሚጨመረው ነገር ይህን ሥርዓት ያግዛል እንጂ አይተካውም።

በወለጋ ግቢ ያለው መኖ

የጥጃ የመጀመሪያው መድኃኒት እንገር ነው። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ የበሽታ መከላከያ ኃይል የለውም፤ ይህን ኃይል የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ብቻ ነው። አንጀቱም ይህን ኃይል ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚሻለው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓቶች ውስጥ ነው። በአንዳንድ ቤት እንገር ያስቀምጠዋል ተብሎ ጥጃው እንዳይጠግብ ይደረጋል፤ ወይም እንገሩ ለቤተ ሰብ ይታለባል። ይህ ልማድ በጎ አይደለም። ክብደቱ 20 ኪሎ የሆነ ጥጃ በመጀመሪያው ቀን 2 ሊትር ያህል እንገር ሊጠባ ይገባዋል፤ ለቤተ ሰብ የሚታለበው ጥጃው ከጠገበ በኋላ ነው። እትብቱም ወዲያው በአዮዲን ቢነከር በሽታ የሚገባበት አንዱ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ደረቁ መኖ ነው። ጥጃ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ድርቆሽና ጥቂት የተሸረከተ እህል ቢቀርብለት ሆዱ ቶሎ ይበረታል፤ ንጹሕ ውሃም ሊለየው አይገባም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በወለጋ ገበያ ይገኛል። ለምሳሌ ከመቶው እጅ 60 የተሸረከተ በቆሎ፣ 30 የኑግ ፋጉሎ፣ 9 ፉርሽካና 1 ጨው ቢደባለቅ፣ ፕሮቲኑ ከመቶ 16 ያህል የሚሆን ደህና የጥጃ መኖ ይወጣል። የኑግ ፋጉሎ ራሱ ከመቶው 30 ገደማ ፕሮቲን አለው። ወለጋ ኑጉን ሸጦ ፋጉሎውን ወደ ሌላ አገር ከሚሰድድ ጥቂቱን ለራሱ ጥጃ ቢያስቀር ያተርፋል።

ስለ ፋጉሎ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እርጥበት የነካው ፋጉሎ ሻጋታ ያወጣል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይገኛል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ምርመራ ይህ መርዝ ከመኖ ወደ ላም ወተት ማለፉ፣ ዋናውም መንገድ የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ታውቋል። የወለጋ ክረምት ረጅም ነውና ፋጉሎ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በደረቅ ቤት ይቀመጥ፤ የሻገተውም ለከብት ከመስጠት ይልቅ ይቃጠል።

ሦስተኛው ማዕድን ነው። የወለጋ ቀይ አፈር አሲድ የበዛበትና ፎስፎር ያነሰበት ስለ ሆነ፣ በርሱ ላይ የበቀለው ሣርም ከዚሁ ሊጎድልበት ይችላል። የቀደሙት ሰዎች ከብታቸውን ወደ ሆራ እየነዱ ማዕድን ያለበትን ውሃ የሚያጠጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሆራ የራቀበት ሰው የማዕድን ጨው ገዝቶ ከዝናም በተጠለለ ገንዳ ቢያስቀምጥ ለላሟም ለጥጃውም ይበጃል።

አራተኛው ከማጀት የሚተርፈው ነው። አጓትና አሬራ አሲድና ደግ ባክቴሪያ ያለባቸው ስለ ሆኑ፣ ፈረንጆች ከፋብሪካ የሚገዙት ነገር በገበሬው ማጀት በነፃ አለ ማለት ነው። ለእሪያ ርቢ አጓት በብዙ አገር የታወቀ መኖ ነው፤ ለጥጃም በጥቂቱ እየለመደ ሲሄድ ይሰጣል፤ ነገር ግን በእናቱ ወተት ፈንታ አይደለም። የጠላና የአረቄ አተላም እርሾና ፕሮቲን አለበት፤ ሆኖም ሆዱ ላልጠና ጥጃ አይሆንም፤ ለላሞችና ለጎለመሱት ቀዝቅዞ ከድርቆሽ ጋር ይሰጥ። እሪያ የሚያረባም ሰው የምግብ ቤት ትርፍራፊን ሳያፈላ አይስጥ፤ የአፍሪካ የእሪያ መቅሠፍት የሚባለው በሽታ በሥጋ ፍርፋሪ ይተላለፋልና፤ ለርሱም መድኃኒት የለውም።

አምስተኛው ቅጠሉ ነው። ግራዋ፣ በኦሮምኛ ኤቢቻ የሚባለው፣ በደረቅ ወራት ለምለም መኖ ይሆናል፤ ሕዝቡም ለሆድ ትል ይሰጠዋል። ኮሶና መተሬም በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቁ የትል መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን ቅጠል ስለ ሆነ አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው፤ ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ሰውንም ከብትንም ይጎዳል። ለግልገል የሚሆነው መጠን በምርመራ ሊወሰን የሚገባው ነው፤ ይህም ለባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከልና በነቀምት ላለው ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሥራ ነው።

ጥጃ በተቅማጥ ሲያዝ

በተቅማጥ የሚሞት ጥጃ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው የሰውነቱ ውሃና ጨው ማለቅ ነው። የተቅማጡም ምክንያት ብዙ ጊዜ ቫይረስ ወይም ሌላ ተውሳክ ስለ ሆነ፣ አንቲባዮቲክ ለነዚህ አይሠራም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚደረገው ለሕፃን እንደሚደረገው ነው፤ ይኸውም ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ነው። ወተቱም አይከልከል። የታመመው ከጤነኞቹ ተለይቶ በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ይቀመጥ። ትኩሳት ቢኖረው፣ ደም ቢቀላቀልበት፣ ወይም መቆም ቢያቅተው የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ያዘዘ እንደ ሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን ይሰጥ፤ በሽታ በውነት ሲያስፈልገው መድኃኒት መንፈግ መቆጠብ አይባልምና።

ከሹማምንት የሚጠበቅ ሥራ

ይህ ሁሉ በገበሬው ትጋት ብቻ አይፈጸምም። የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ የቀበሌ ሹሞችና ብዙ ከብት ያላቸው ሰዎች ድርሻ አላቸው።

በመጀመሪያ፣ መድኃኒት የሚሸጥበት ስፍራ ይታወቅ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 በ2004 ዓመተ ምሕረት ወጥቷል። አዋጁ በወረቀት መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ በገበያ ቀን በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው ጠርሙስ መድኃኒትነቱ የደከመ፣ ቀኑም ያለፈ ሊሆን ይችላልና፣ ሹሙ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ሆኖ ገበያውን ይመልከት። ሻጩን ማባረር ብቻ ግን አይበቃም፤ በቅርብ ሐኪም ከሌለ ገበሬው ሌላ ሻጭ ፍለጋ በሌሊት ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥጥሩና ሕክምናው አብረው ይሂዱ።

ሁለተኛ፣ የጥጃ ልደትና ሞት በየቀበሌው ይመዝገብ። ስንት ተወለደ፣ ስንት በሦስት ወር ውስጥ ሞተ፣ በምን ሞተ የሚለው ካልታወቀ፣ የትኛው ምክር እንደ ጠቀመ አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቀን ቁጥር ሳያልፍ ለገበያ እንዳይቀርብ፣ የተወጋውም በሬ እንዳይታረድ ሕዝቡ ይነገረው። ይህን ለመንገር ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከዕድር ጉባኤ የተሻለ ስፍራ አይገኝም፤ ቃሉም በሕዝቡ ቋንቋ በኦሮምኛ ይሁን።

አራተኛ፣ ብዙ ከብት ያለው ሰው ለጎረቤቱ ምሳሌ ይሁን። በርሱ በረት እንገር ያልተነፈገው፣ በደረቅ ስፍራ ያደረ፣ ፋጉሎና ጨው የቀመሰ ጥጃ በዓመቱ ወፍሮ ቢታይ፣ አሥር ጊዜ ከተሰበሰበ ስብሰባ ይልቅ ጎረቤቱን ያስተምራል።

ከታመሙ ወዲያ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዲሉ፣ ለጥጃ የሚወጣው አንድ ቁና እህል ኋላ ለመድኃኒት ከሚወጣው ብር ያንሳል። መድኃኒቱም በከንቱ ሳይባክን ከቆየ፣ በነቀምት ወይም በጊምቢ ሆስፒታል አልጋ ላይ ለሚተኛው ሕፃን ኃይሉ እንደ ተጠበቀ ይደርስለታል። ስለዚህ የሚመጣው የመውለጃ ወራት ሳይደርስ እያንዳንዱ የወረዳ ሹም ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ተቀምጦ፣ የጥጃው መዝገብ የሚከፈትበትን ቀን፣ ገበያው የሚጎበኝበትንም ቀን ይወስን።